ፖርቶቤሎ ወይስ ሲልቨር ቮልትስ? የድሮ የሻይ ቅጠል ሳጥንና ማንኪያ ለምትፈልጉ

አባቴ አንጥረኛ ነበር። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማርትሬዛ እያቀለጠ መስቀልና ጉትቻ ይሠራ ነበር። ሰው ብር ይዞለት ሲመጣ መጀመሪያ መዳፉ ላይ አስቀምጦ በእጁ ይመዝነዋል፤ ቀጥሎ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ይዳብሰዋል፤ በዓይኑ የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም ዛሬ ለንደን ውስጥ የድሮ ዕቃ ስገዛ የምከተለው ይህንኑ ነው። ላለፉት 6 ዓመታት የጥንት የእንግሊዝ የሻይ ቅጠል ሳጥንና ማንኪያ ስሰበስብ ሁለት ገበያዎች ተመላልሻለሁ፤ የፖርቶቤሎን የቅዳሜ ገበያና ቻንሰሪ ሌን ያለውን ሲልቨር ቮልትስ። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ‹ይህን ከየት አገኘሽው?› ስለሚለኝ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ሦስተኛም ገበያ አለ፤ ኢንተርኔት። እሱ አሁንም ድረስ ያናድደኛል፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዛሬ ሻይ ቅጠል በፓኬት ገዝተን የትም የምናስቀምጠው ነገር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ግን ከቻይና በመርከብ የሚመጣ፣ በወርቅ ሚዛን የሚታይ ነገር ነበር። ቀረጡ ከዕቃው ዋጋ አልፎ 119 በመቶ ደርሶ ስለነበር ኮንትሮባንዱ አገሩን አጥለቅልቆት ነበር። በ1784 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ወደ 12.5 በመቶ እስኪያወርዱት ድረስ ደሃው ሕዝብ የሚጠጣው ወይ በድብቅ የገባ ነው፣ ወይ ከሌላ ቅጠል ጋር የተቀላቀለ ነው። ስለዚህ ባለጸጋ ቤት ውስጥ ሻይ ቅጠል ማድ ቤት አይቀመጥም። እመቤቲቱ በሚቀመጡበት ክፍል፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ይሆናል፤ ቁልፉም ከሳቸው አይለይም። ይህን ሳጥን ‹ካዲ› ይሉታል። ቃሉ ‹ካቲ› ከሚባል የማላይ መመዘኛ የመጣ ነው፤ አንድ ካቲ 600 ግራም ገደማ ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ የታወሰችኝ አያቴ ናት። ስኳርና ሻይ ቅጠሏን የእንጨት ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ ላይ ትቋጥረው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ያንን ቋጠሮ የምትፈታበትን አፈታት እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ ቀስ ብላ፣ ሰው እያያት። ለኔ እነዚህ ሳጥኖች የሩቅ አገር ዕቃ ያልሆኑት ለዚህ ነው።

ማንኪያዋ ደግሞ ለሳጥኑ ተብላ የተሠራች ናት። እጀታዋ አጭር፣ አፏ ሰፊ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ተኝታ ክዳኑ ሊገጥም ይገባላ። የተለመደችው ከ1770ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት በሻይ ቆርቆሮው ቆብ ነበር የሚሰፍሩት። ብዙዎቹ የዛጎል ቅርጽ አላቸው፤ የቻይና ነጋዴዎች ናሙና መዝገኛ እንዲሆን ዛጎል ሻዩ ውስጥ ይጨምሩ ስለነበር ነው ይባላል። የወይን ቅጠል የሚመስል አለ፣ አካፋ የሚመስል አለ፣ የሰው እጅ የሚመስል አለ። የፈረስ ጋላቢ ቆብ የሚመስለውና የንስር ክንፍ የሚመስለው ሰብሳቢ ሁሉ የሚራኮትባቸው ስለሆኑ ዋጋቸው ሌላ ነው፤ እኔ በመስታወት ውስጥ አይቻቸው አልፌያለሁ።

ወደ ፖርቶቤሎ ልመለስ። ቅዳሜ ከሆስፒታል የማታ ፈረቃ ስወጣ ቀጥታ ወደዚያ ነው የምሄደው። ኖቲንግ ሂል ጌት ወርዳችሁ ቁልቁል ስትሄዱ የጥንት ዕቃው የሚጀምረው ከላይኛው ጫፍ ነው፤ አትክልቱና ልብሱ ወደ ታች ነው። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መድረስ ነው ጥሩው። ነጋዴዎቹ ገና ዕቃቸውን ከጋዜጣ እየፈቱ፣ እርስ በርሳቸውም እየተገዛዙ ስለሆነ ዋጋ ሲጠራ ትሰማላችሁ። ከ4 ሰዓት በኋላ መንገዱ በቱሪስት ይሞላና ዕቃ አንስቶ አገላብጦ ለማየት ክርን መዘርጊያ እንኳ አይገኝም። የመንገድ ዳሩን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፤ ጥሩ ጥሩው ያለው በየሕንፃው ውስጥ፣ እንደ መርካቶ በረንዳ ተጣብቀው በተደረደሩት ትንንሽ ሱቆች ውስጥ ነው።

ሳጥኔን ያገኘሁት እዚያ ነው። ማሆጋኒ ነው፣ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ከፍ ይላል። 1810ዎቹ ገደማ የተሠራ ነው ብለው ሴትዮዋ 85 ጠሩልኝ፤ 70 ፓውንድ ከፈልኩ። የቀነሱልኝ ሁለት ነገር ስለጎደለው ነው፤ ቁልፉና መሐል የሚቀመጠው የብርጭቆ ሳሕን። ክዳኑ ሲከፈት ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ክዳን ያላቸው ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ለጥቁር ሻይ አንዱ ለአረንጓዴ። መሐሉ ላይ ክብ ጉድጓድ አለ። የብርጭቆው ሳሕን የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ሁለቱን ሻይ ለመቀላቀያ ነበር የሚሉ አሉ፣ የለም የስኳር ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ስኳሩ አደላለሁ፤ ስኳርም እንደ ሻዩ የሚቆለፍበት ዘመን ነበርና።

ውስጡን ስታዩ የተቀዳደደ ግራጫ ወረቀት የሚመስል ነገር ተለብዶበታል። ወረቀት አይደለም፤ ሻዩ ጠረኑ እንዳይጠፋ የሚለበድ፣ እርሳስ ከሚባለው ማዕድንና ከቆርቆሮ የተሠራ ስስ ቅጠል ነው። አንዳንድ ገዢ ‹አስቀያሚ ነው› ብሎ ልጦ ይጥለዋል። እባካችሁ አትላጡት! ሳጥኑ እውነተኛ ለመሆኑ ትልቁ ምስክር እሱ ነው። ነገር ግን እርሳስ መርዝ ስለሆነ የምትጠጡትን ሻይ እዚያ ውስጥ አታስቀምጡ፤ እኔ የማስቀምጠው ክርና መርፌ ነው።

ቁልፉን ለብቻው ነው ያገኘሁት። ሴትዮዋ በብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ የድሮ ቁልፍ አላቸው፣ አንዱን በ3 ፓውንድ ይሸጣሉ። ‹ሳጥንሽን ይዘሽ ነይና ሞክሪ፣ ካልገጠመ አትከፍዪም› አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። አስራ ምናምኛው ቁልፍ ላይ ውስጡ ‹ቀጭ› አለ። ሁለታችንም ዝም አልን፤ ከዚያ እሳቸው እጄን ያዙኝ። ያ መቆለፊያ ለስንት ዓመት ሳይንቀሳቀስ እንደቆየ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ፖርቶቤሎን የምወደው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። ችግሩ ግን ካላወቃችሁ የሚጠብቃችሁ የለም። ሌላ ድንኳን ላይ እንደ እንኮይ የምታምር፣ ፒር በሚባለው ፍሬ ቅርጽ የተሠራች የእንጨት ካዲ፣ ክዳኗ ከነጫፏ የሚከፈት፣ ቁልፍ ያላት፣ ‹የ18ኛው ክፍለ ዘመን› ተብላ በ60 ፓውንድ አየሁ። በፍራፍሬ ቅርጽ የተሠሩ እውነተኛ ካዲዎች ሺዎች ፓውንድ ያወጣሉ፤ አስመስለው የሚሠሩትም ለዚህ ነው። አነሳኋትና በጣቴ ዙሪያዋን ለካሁ፤ ፍጹም ክብ ናት። 200 ዓመት የኖረ እንጨት ግን ወደ አንድ ጎን ይኮማተራል፤ ተጠርቦ ክብ የነበረው ውሎ አድሮ ሞላላ ይሆናል። ውስጧም የእርሳስ ቅጠል ምልክት እንኳ የላትም፣ አዲስ ቡናማ ቀለም ብቻ። አስቀምጬ ሄድኩ። እንደ ጌጥ ከወደዳችኋት ግዟት፤ እንደ ጥንት ዕቃ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ። ከ4 ዓመት በፊት ነው። አንድ ሻጭ ‹የሄስተር ቤትማን የካዲ ማንኪያ፣ ለንደን፣ 1780ዎቹ› ብሎ ፎቶ ለጥፏል። ሄስተር ቤትማን ማለት ባሏ ሲሞት መዶሻውን ተረክባ፣ በ1761 በራሷ ስም ማኅተም አስመዝግባ፣ ልጆቿን ይዛ ትልቅ የብር ሥራ ቤት ያቆመች ሴት ናት። የአንጥረኛ ልጅ ነኝና የሷ እጅ ያለፈበት አንድ ነገር ቤቴ እንዲኖር በጣም ነበር የምመኘው። 140 ፓውንድ ላክሁ። ዕቃው ሲደርስ መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው ገና ሆዴ ፈራ፤ እጀታው ከአፉ ጋር አይመጣጠንም። ከዚያ አባቴ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አፌን አስጠግቼ ‹ሃ› ብዬ ተነፈስኩበት። ብር ላይ እስትንፋስ ሲያርፍ ጭጋግ ይለብሳል፤ የብየዳ መስመር ካለ ደግሞ ጭጋጉ እዚያ ላይ ተለይቶ ይታያል። አንገቱ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ መስመሯ ቁልጭ ብላ ወጣች። እውነተኛ የድሮ የሻይ ማማሰያ ማንኪያ ወስደው፣ እጀታውን ቆርጠው አሳጥረው፣ አፉን ቀጥቅጠው ዛጎል አስመስለውታል። የሄስተር ማኅተም እውነተኛ ነው፤ የተበላሸው ሥራዋ ነው። ማኅተም ያለበትን ብር ያለ ፈቃድ መለወጥ እዚህ አገር በ1973ቱ የሆልማርክ (የብር ማኅተም) ሕግ የተከለከለ ነው። ሻጩ ግን ‹ፎቶውን አይተሽ ነው የገዛሽው› ብሎ መልስ መስጠት አቆመ፤ ገንዘቤም በዚያው ቀረ። ያሳዘነኝ ከገንዘቡ ይልቅ ያቺ ተቆርጣ የቀረች ማንኪያ ናት። ከዚያ ወዲህ በእጄ ያልነካሁትን ብር አልገዛም።

ሲልቨር ቮልትስን የፈለግሁትም ከዚያ በኋላ ነው። ቻንሰሪ ሌን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ መግቢያው ተራ የቢሮ ሕንፃ ስለሚመስል ሁለቴ አልፌው ሄጃለሁ። ደረጃውን ወርዳችሁ፣ የባንክ ካዝና በር የሚያክል ወፍራም የብረት በር አልፋችሁ ስትገቡ ኮሪደሩ ግራና ቀኝ ሱቅ በሱቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሀብታሞች ጌጥና ሰነድ የሚያስቀምጡበት የአደራ ክፍል ነበር፤ ኋላ የብር ነጋዴዎች ገቡበት። መግቢያ አይከፈልም። እሁድ ዝግ ነው፣ ቅዳሜም ከቀትር በኋላ ስለማይሠራ ከፖርቶቤሎ ጋር በአንድ ቀን አድርጋችሁ ለማዳረስ አትሞክሩ። ስልክ እዚያ ታች ብዙም አይሠራ፤ መስኮት የለም፤ ብርሃኑ ግን ነጭና ጠንካራ ስለሆነ ለማየት እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይመቻል።

መጀመሪያ ቀን በፍርሃት ነው የገባሁት። የሥራ ጫማዬን እንዳደረግሁ ነበርኩ፤ መስታወት ውስጥ ያለው ዕቃ የቤት ኪራዬን የሚያህል ነው። አንድ አዛውንት ነጋዴ ‹ምን ልርዳሽ?› ሲሉኝ ‹የካዲ ማንኪያ፣ ከ200 ፓውንድ በታች› አልኳቸው፤ ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ወንበር አቀረቡልኝ። ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ዘርግተው 5 ማንኪያ ደረደሩልኝና ማጉያ መነጽራቸውን አውልቀው እጄ ላይ አኖሩት።

ሦስተኛዋን ሳነሳ ገና ምንም ሳልናገር ‹እሷ ላይ ስንጥቅ አለች፤ እዚህ፣ የዛጎሉ ጥርስ ጋ። በብርሃን አሳልፈሽ እይው› አሉኝ። አየሁት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ናት። እኔ ብቻዬን ብሆን አላገኛትም ነበር።

የገዛሁት እሷኑ ነው። 165 ፓውንድ። ፖርቶቤሎ ላይ ተመሳሳይዋን በ110 አይቻለሁ፤ ዋጋው ውድ ነው፣ አልክድም። ግን አባቴ የሚሠራው መስቀል ላይ የመንግሥት ማኅተም አልነበረበትም፤ ገዢ የሚያምነው ቃሉን ነበር፤ እሱም ብሩ የተበየደበት ቦታ ካለ ራሱ ነበር አስቀድሞ የሚያሳየው። ጉድለቱን ቀድሞ የሚነግረኝ ሻጭ ሳገኝ 55 ፓውንዱን ለምን እንደጨመርኩ አውቄ ነው የከፈልኩት። ደረሰኙም ላይ ስንጥቋን ጨምረው ጻፉት፤ ከተማውን፣ ዓመቱን፣ ሠሪውን፣ ክብደቱን ሁሉ።

እስቲ ማንኪያዋን ቀረብ ብለን እንያት። ርዝመቷ ከመሐል ጣቴ ያንሳል፤ ክብደቷ 9 ግራም ነው። አንዲት ማርትሬዛ 28 ግራም ስለሆነች ሦስት ማንኪያ ይወጣታል ማለት ነው። እጀታዋ ጀርባ ላይ፣ የምስር ፍሬ በሚያክሉ አምስት ማኅተሞች ታሪኳ ተጽፏል። የሚራመደው አንበሳ ብሩ ከሺህ 925 እጅ ንጹሕ መሆኑን ይናገራል፤ ማርትሬዛ 833 ነው። መልሕቁ የበርሚንግሃም ነው። ባሕር የሌላት ከተማ መልሕቅ ያገኘችው፣ በ1773 የራሷን የብር መመርመሪያ ቢሮ ለማግኘት ስትሟገት ሰዎቿ ለንደን ውስጥ ‹ዘውድና መልሕቅ› በሚባል ቤት ይሰበሰቡ ስለነበር ነው ይባላል፤ አብራት የተሟገተችው ሼፊልድ ዘውዱን ወሰደች። ቀጥሎ ‹ኤል› የምትል ትንሽ ፊደል አለች፤ 1809 ማለት ናት። ፊደሉ በየዓመቱ ስለሚቀየር ዓመቱ አይጠፋም። ማርትሬዛ ላይ የምናውቀው 1780 ግን የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ ምስላቸው ያለበት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ስላረፉ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ቀጠለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ‹ታዲያ እኔ ያቀለጥኩት የማን ዘመን ነበር?› ብሎ በስልክ ጠየቀኝ።

አራተኛው ማኅተም የንጉሡ ጭንቅላት ነው። የብር ቀረጥ ተከፍሏል ማለት ነው፤ ከ1784 እስከ 1890 ድረስ ይመታ ነበር። ልብ በሉ፣ የሻይ ቀረጥ የወረደውም በ1784 ነው። ሻዩ ረከሰ፣ ብዙ ሰው ጠጣ፣ ብዙ ሰው ማንኪያ ፈለገ፤ ብሩ ደግሞ ተቀረጠ። ያ ሁሉ የምስር ፍሬ በምታክል ጭንቅላት ላይ አለ። አምስተኛው የሠሪው ነው፣ ‹አይ› እና ‹ቲ›፤ ጆሴፍ ቴይለር። በዚያ ዘመን ‹ጄ›ን በ‹አይ› ይጽፉት ነበር። የበርሚንግሃም ሰዎች እንዲህ ያለውን ትንንሽ ዕቃ ከስስ የብር ቅጠል ላይ በብረት ቅርጽ እየመቱ በብዛት ያወጡ ነበር፤ ስለዚህ ዛጎሉ ጥርስ ላይ ስስ ናት፤ ስንጥቋም የመጣችው ከዚያ ነው። እጀታዋ ላይ ያለው ቅርጽ ግን በእጅ የተሠራ ነው። መሣሪያው ጋደል እየተደረገ ስለተቆረጠ እያንዳንዱ ጭረት እንደ መስታወት ብርሃን ይመልሳል፤ ሻማ ፊት ብታገላብጧት ትንቀለቀላለች። ይህ ቅርጽ በማጽዳት ብዛት ቶሎ ይደበዝዛል፤ ስትገዙ ጥፍራችሁን ስትጎትቱበት የሚያዝ ከሆነ ጥሩ ነው፣ የሚያንሸራትት ከሆነ አልቋል።

ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ስትራንድ በእግር ብትሄዱ ሩቅ አይደለም፤ 216 ቁጥር ላይ የትዋይኒንግስ የሻይ መደብር አለ። ቶማስ ትዋይኒንግ በ1706 እዚያው አካባቢ የገዛው ቡና ቤት ነበር፤ ሻዩ የጀመረው ቡና ሊጠጣ ለሚመጣ ሰው ነው። ጠባብ ረጅም ክፍል ነው፤ በስተጀርባ ትንሽ ማሳያ አላቸው፣ የድሮ ካዲዎችም ታያላችሁ። የምትገዙት ባይኖርም ዓይን ለማስለመድ ጥሩ ነው። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምም በነጻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ የእንጨት ካዲዎች የቁልፍ ቀዳዳቸው ዙሪያ በዝሆን ጥርስ የተለበጠ ነው፤ ትንሽዬ ነጭ አልማዝ ትመስላለች። ከሰኔ 2022 ጀምሮ ብሪታንያ ውስጥ የዝሆን ጥርስ ያለበትን ዕቃ መሸጥ ተከልክሏል። ከ1947 በፊት የተሠራና ጥርሱ ከጠቅላላው ዕቃ ከ10 በመቶ በታች የሆነ፣ አስቀድሞ ከተመዘገበ ይፈቀዳል፤ ምዝገባው 20 ፓውንድ ነው። ሻጩን የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁት። ካመነታ ተዉት። ለዘመድ ስጦታ ይዛችሁ ድንበር ልታሻግሩ ካሰባችሁማ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋልና የነሐስ ወይም የአጥንት ቀዳዳ ያለውን ምረጡ።

የኔ ሳጥን ቀዳዳው ነሐስ ነው። የቀረኝ የብርጭቆው ሳሕን ብቻ ነው። የጉድጓዱን ልክ በካርቶን ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው፤ የቁልፏም ሴትዮ ካርቶን ቆርጬ ሰጥቻቸው መደርደሪያቸው ላይ ሰክተውታል። ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ቁመቱ ከ9 መብለጥ የለበትም። ለንደን ያላችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የምትወጡ፣ ዳሩ ትንሽ የተሰነጠቀም ቢሆን ካያችሁ ንገሩኝ።